ቡችላ ከማን ቤት ይወሰድ?

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለው ተረት በሀገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የሚነገረውም በማይመለከተው ጉዳይ ጥልቅ እያለ ለሚያስቸግር ሰው መገሠጫ እንዲሆን ነው። ተረቱ ስለ ሰው ጠባይ የተናገረው ምናልባት ይጸና ይሆናል፤ ስለ ውሻ የተናገረው ግን ከባላገሩ ኑሮ ጋር ሲመዛዘን እውነትነቱ ያጠራጥራል። በቆሎው እሸት በያዘ ጊዜ ጃርትና ከርከሮ በሌሊት፣ ዝንጀሮ በቀን ሲመጣበት፣ ከማማው ሥር ሆኖ የሚጮኸው ውሻ ነው። በጎች በረት ከገቡ በኋላ ጅብ አጥሩን ሲዞር ባለቤቱን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ውሻ ነው። በከተማም ቢሆን የግቢ በር ጠባቂ፣ የልጆች ጓደኛ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን አጫዋች የሚሆነው እርሱ ነው። እንግዲህ ውሻ በእርሻም ሆነ በቤት ጉዳይ የሚያገባው መሆኑ ከታመነ፣ ከወዴት ተገኝቶ ወደ ቤት እንደሚገባ መጠየቁ ተገቢ ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ግን በብዙ ቤት አይጠየቅም። ገበሬው በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ሰኮናውን ይመለከታል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመረምራል፤ በመጨረሻም ከማን በረት እንደ ወጣ ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቈጥርም። ላም የሚገዛም እንደ ሆነ የእናቲቱን የወተት ልክ ያጠያይቃል። ለዘር የሚሆነውን ስንዴ ከየትኛው ጎተራ እንደሚያወጣ ያውቃል። ነገሩ የውሻ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይረሳል። ቡችላውን ወይ ልጆች ከመንገድ ዳር አንሥተው ያመጡታል፤ ወይ ዘመድ በከረጢት አድርጎ ያደርሰዋል፤ ወይ ደግሞ የከተማው ሰው ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ዋጋ ተነጋግሮ ይቀበለዋል። በሬ ለጥቂት ዓመታት አርሶ ይሸጣል ወይም ይታረዳል፤ ውሻ ግን 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ከሰው ጋር ይኖራል፤ ከልጆች ጋር ይጫወታል፤ እጃቸውንና ፊታቸውን ይልሳል። ይህን ያህል ዘመን ከቤተሰብ ጋር የሚኖረውን እንስሳ በጥቂት ደቂቃ መርጦ ማስገባት የሚያስገርም ነው።

ቸልታው ጉዳት ባያስከትል ኖሮ ስለ እርሱ መጻፍ ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፉት በሽታዎች አንዱ፣ ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው፣ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ለማለት ይቻላል። የበሽታው ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ ወይም የቈሰለ ገላ ሲላስ ይገባል፤ ከዚያም በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ከ100 እጅ እስከ 99 የሚሆኑት የተላለፈባቸው ከውሻ ነው፤ አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱትም ሰዎች መካከል ከ100 እጅ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ በሽታው ታሪክና ስለ ባህላዊ ሕክምናው ጽፈው አሳትመዋል፤ በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1903 ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደ ነበር ተመዝግቧል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የበሽታው አመጣጥ ስውር መሆኑ ነው። የተነከሰ ውሻ በዚያው ቀን አያብድም። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ድረስ ጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ወራት ያልፋሉ፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ እንስሳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይፈነጥዛል። ክትባት ያልተሰጣት ሴት ውሻ በሽታውን ከመንገድ ይዛ ገብታ ቡችሎቿን ብትነክስ፣ ወይም ያበደ ውሻ በሌሊት አጥር ዘልሎ ከቡችሎቹ አንዱን ነክሶ ቢሄድ፣ ያ ቡችላ በሳምንቱ ለገዢ ሲቀርብ ዐይኑ የጠራ፣ ጅራቱን የሚቈላ፣ ከወንድሞቹም ሁሉ የሚያምር ሊሆን ይችላል። ገዢው አገላብጦ ቢያየው ሌላ ብዙ ነገር ይረዳ ይሆናል፤ ይህን አንድ ነገር ግን ሊያይ አይችልም። ያለፉትን ሳምንታት ሊመሰክር የሚችለው ቡችላው ያደገበት ቤት ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት ቡችላ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው ቡችላውን ሳይሆን እናቲቱን ነው። እናቲቱ የምትኖረው በግቢ ውስጥ ተጠብቃ ነው ወይስ ቀኑን ሙሉ በመንደር ስትዞር ውላ ትገባለች? ክትባት የተሰጣት መቼ ነው? የክትባቱ ወረቀትስ አለ? የሰውነቷ ሁኔታ እንዴት ነው? ቡችሎችን የምታጠባ ውሻ መክሳቷ የተለመደ ነው፤ ጠጕሯ የረገፈ፣ ቆዳዋ በእከክ የቈሰለ ከሆነ ግን የቤቱን አያያዝ ያሳያል። ጠባይዋም መታየት አለበት። እንግዳ ሲመጣ መጮኋና ማጕረምረሟ የእናትነት ወግ ነው፤ ባለቤቷ ሲናገራት ልብ የምትልና የምትረጋጋ ከሆነች ደኅና ነው። ባለቤቷ ራሱ ሊቀርባት የሚፈራ ከሆነ ግን የእርሷን ልጅ ሕፃናት ወዳሉበት ቤት መውሰድ አይገባም፤ የውሻ ጠባይ በከፊል ከዘር፣ በከፊል ከአስተዳደግ የሚመጣ ነውና። ወደ ቡችሎቹ ዞር ሲባል ደግሞ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋው የሆድ ትል እንዳለበት፣ ዐይኑና አፍንጫው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያፈሰው ሌላ ሕመም እንዳለበት ያስጠረጥራል። ከጥግ ተደብቆ የሚንቀጠቀጠውም፣ ሌሎቹን ሁሉ እየነከሰ የሚያባርረውም ለቤት አይመረጥም፤ ወደ ሰው እጅ በድፍረት መጥቶ የሚያሸተው ይሻላል።

እንዲህ ያለውን ምርመራ ለማድረግ የሚመቸው ከሁሉ ይልቅ የጎረቤት ወይም የታወቀ ሰው ቤት ነው። ጎረቤት ውሻውን ከነአያቱ ያውቀዋል፤ በየትኛው ዓመት ሌባ እንዳስጣለ፣ ማንን እንደ ነከሰ፣ ዶሮ ይበላ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል። ደግሞም ጎረቤት ቢያታልል ነገ በዕድሩ ድንኳን ዐይን ለዐይን መተያየቱ አይቀርምና የሚሰጠው ቃል ከመንገድ ሻጭ ቃል ይልቅ የታመነ ይሆናል። በባላገር ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይሰጣል። ልግስናው የሚመሰገን ቢሆንም ችግርም አለበት፤ በነጻ የመጣ ነገር ወረቀት አይጠየቅለትም፤ የታመመም እንደ ሆነ ሐኪም አይጠራለትም። ስለዚህ ቡችላ የሚቀበል ሰው ለሰጪው ምንም ሳይከፍል ከሚቀር፣ ሌላው ቢቀር የእናቲቱን የክትባት ወጪ ችሎ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ቢያስወስዳት ይበጃል። ይህ ለቡችላው ዋጋ ይሆናል፤ የሚጠብቀው ግን ሁለት ቤትን ነው።

ስለ መውሰጃው ዕድሜም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ቡችላ «ቤቱን እንዲለምድ» በማለት ዐይኑን እንደ ገለጠ ሊወስደው ይሻል። ይህ ስሕተት ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በሜይን ግዛት በባር ሃርበር ብዙ ዓመታት ቡችሎችን እያሳደጉ ከተመራመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከውሻም ከሰውም ጋር መኖርን እንደሚማር አስረድተዋል። ከእናቱና ከወንድሞቹ ፈጥኖ የተለየ ቡችላ ንክሻን መመጠን ሳይማር ይቀራል፤ ወንድሙን አብዝቶ ሲነክስ ወንድሙ ይጮኽበታል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል፤ ይህን ትምህርት ሰው በቀላሉ ሊሰጠው አይችልም። በሌላ በኩል እስከ አራተኛው ወር ድረስ የሰው እጅ ሳይነካው በጓሮ ያደገ ቡችላ ሰውን እንደ ፈራ ይቀራል። እንግዲህ ስምንት ሳምንት ያህል ሲሞላው መውሰድ መልካም ነው። ሰጪውም ቢሆን ገና የሚጠባውን ቡችላ «ውሰድልኝ» ብሎ ማስቸኰል የለበትም።

አሁን ስለ መንገድ ዳር ገበያ መናገር ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ አውራ ጎዳናዎች ዳር ቡችላ ታቅፈው የሚቆሙ ወጣቶች ይታያሉ። እነርሱም እንጀራቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ናቸውና በደፈናው መውቀስ አይገባም። ችግሩ ሻጩ ራሱ ቡችላውን ከሌላ ሰው የገዛ፣ ያም ከሌላ የገዛ ሊሆን መቻሉ ነው፤ እናቲቱን ያየ ሰው በመካከላቸው ላይገኝ ይችላል። በአንድ ካርቶን ውስጥ የሦስትና የአራት ቤት ቡችሎች አንድ ላይ ይውላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢታመም ለሌሎቹ ያካፍላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ላይ መታወቅ የጀመረው ፓርቮ የሚባለው የውሻ በሽታ ቡችላን በብርቱ ትውከትና ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚገድል ነው፤ ቫይረሱም በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ አንድ ቡችላ የሞተበት ግቢ ሁለተኛውንም ሊገድል ይችላል። ሕፃናት ስም አውጥተው የወደዱት ቡችላ በሳምንቱ ሲሞትባቸው ወላጆች የሚቸኵሉት ሌላ ገዝቶ ለመተካት ነው፤ ያም ከዚያው ካርቶን ወጥቶ ወደዚያው አፈር ይመጣል።

ሻጭን ከሻጭ የሚለይ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «እናቲቱን ማየት ይቻላልን?» የሚለው ነው። «ቤታችን ቅርብ ነው፤ እንሂድ» ብሎ የሚመራ ሻጭ ቢገኝ፣ በመንገድ ዳር ቢቆምም ቡችላውን ከቤቱ እንዳወጣ ሰው ሊቈጠር ይችላል። «እናቱ ክፍለ ሀገር ናት»፣ «ሞታለች»፣ «ባለቤቱ የለም» የሚል መልስ ከተሰጠ ግን፣ ነገሩ እውነትም ይሁን ሐሰት ገዢው ምስክር የሌለው እንስሳ እንደሚገዛ ይወቅ። ከርኅራኄ የተነሣ «ያሳዝናል፤ ላድነው» ብሎ መግዛትም አለ። ርኅራኄው መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቡችላ በተሸጠ ቍጥር በቦታው ሌላ ይመጣል።

በከተማ ደግሞ የፈረንጅ ውሻ የመፈለግ ምኞት በርትቷል። ብዙው ሰው የሚጠይቀው ጀርመን ሼፐርድ የሚባለውን ነው። ይህ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ መኰንን ዘሩን መመዝገብ ሲጀምር የታሰበው ለበግ ጠባቂነት ነበር፤ የኋላ ኋላ ነው ለፖሊስና ለወታደር ሥራ የታወቀው። ብልህና ታዛዥ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ትልቅ አካል ስላለው ብዙ ይበላል፤ የዳሌው መገጣጠሚያም በዘር በሚወረስ ጉድለት የተነሣ ብዙ ጊዜ ይታመማል፤ ስለዚህ ዘሩን የሚያራቡ ጠንቃቆች የወላጆቹን ዳሌ በራጅ ሳያስመረምሩ አያስወልዱትም። ለዝርያው ብዙ ገንዘብ ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ሲቀር፣ ጆሮው የቆመ ሁሉ ጀርመን ሼፐርድ እየተባለ ሲሸጥለት ይኖራል። ለባላገር ቤትና መጠነኛ ኑሮ ላለው ከተሜ የሚሻለው የሐበሻ ውሻ እየተባለ የሚናቀው ያው የሀገሩ ውሻ ነው። ጠጕሩ አጭር፣ ምግቡ ጥቂት፣ ጆሮው ንቁ ነው፤ የደጋውን ብርድና የቆላውን ሙቀት ለምዶታል። ይልቁንም ዝርያው በእጅ ያለ ስለሆነ እናቱን፣ አንዳንድ ጊዜም አያቱን ለማየት የሚያስቸግር ነገር የለም።

ከሥጋ ቤትና ከቄራ አካባቢ የሚገኝ ውሻ ብርቱ ነው የሚል እምነት በብዙ ቦታ አለ። ሥጋ ሲበላ ያደገ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሥጋው ጋር የሚበላው ሌላም ነገር አለ። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲታይ ባለ ሥጋው ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። ያ እብጠት በውሻው ሆድ ውስጥ ትንንሽ የኮሶ ትል ሆኖ ያድጋል፤ ዕንቍላሉ ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በጠጕሩና በአፈሩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያም ውሻውን በዳሰሰ እጅ ወደ ሰው አፍ ይገባል። በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ እብጠቱ ለብዙ ዓመታት ቀስ እያለ እያደገ፣ በመጨረሻ የቀዶ ሕክምና እስከሚያስፈልገው ድረስ ይደርሳል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በሚኖሩት የቱርካና አርብቶ አደሮች ዘንድ ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ በዝቶ ከታየባቸው ቦታዎች በአንዱ ደረጃ መገኘቱ ታውቆ፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውሾችን ትል በመድኃኒት የማርገፍና ሕዝቡን የማስተማር ሥራ ተሠርቷል። በወሰኑ ማዶ በኦሞ ወንዝ ግርጌ በሚኖሩ ሕዝቦችም ዘንድ በሽታው ታይቷል። ስለዚህ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ውሻ የሚወስድ ሰው ከልጆቹ ጋር ከማገናኘቱ በፊት ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ያሰጠው፤ ወደፊትም ያልበሰለ ሳንባና ጉበት አይጣልለት።

ባለቤት የሌለውን ትልቅ ውሻ ከመንገድ አንሥቶ ማሳደር ደግሞ ለየት ያለ ነገር ነው። ቤት አጥቶ የሚንከራተት እንስሳ መሰብሰብ የሚያስነውር አይደለም፤ እንዲያውም ትልቅ ውሻ ጠባዩ የተገለጠ ስለሆነ፣ ቡችላን ለማሠልጠን ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን ሊስማማ ይችላል። ጥንቃቄው ግን ከቡችላ ይልቅ የበለጠ መሆን አለበት፤ ማን እንደ ነከሰው የሚያውቅ የለምና። በመጀመሪያ ቀን ወደ ሐኪም ተወስዶ ይከተብ፤ ለብዙ ሳምንታትም ከልጆችና ከሌሎች እንስሳት ተለይቶ በአጥር ውስጥ ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠባዩ በድንገት ቢለወጥ፣ መንጋጋው ቢዝልና ምራቁን ቢያዝረበርብ፣ ድምፁ ቢጎረና ብርሃን ቢሸሽ፣ ባለቤቱ አይጠጋው፤ ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያስታውቅ።

እስከ አሁን የተነገረው ስለ ተቀባዩ ነው፤ ከተቀባዩ ይልቅ ግን ጥፋቱ የሚበዛው በሴት ውሻ ባለቤት ዘንድ ነው። በብዙ መንደር ወንድ ቡችላ ይፈለጋል፤ ሴቲቱ ወልዳ ታስቸግራለች ተብሎ ትጣላለች። ቡችሎች በጆንያ ታስረው ወደ ገደል ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወሰዳሉ፤ የተረፉት እዚያው አድገው፣ ማንም ሳይከትባቸው በቈሻሻ መጣያ ዙሪያ ይራባሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መንደር ሕፃን የሚነክሰው ውሻ ከወዴት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሴት ውሻ ያለው ሰው ወይ በኮርማዋ ወራት ቤት ይዝጋባት፤ ወይ በከተማ እንደ ሆነ በእንስሳት ሐኪም አስመክኖ ይገላገል፤ ይህን ሊያደርግ ካልቻለ ደግሞ ቡችሎቹ ከመወለዳቸው በፊት ተቀባይ ይፈልግላቸው። የተወለዱትን መጣል ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ለጎረቤት ልጆች አደጋ መዝራት ነው።

ጉዳዩ ከሰውም አልፎ የሀገሪቱን ብርቅ እንስሳ የሚነካበት ቦታ አለ፤ ይኸውም የደጋው ግጦሽ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ቍጥሩ ከ500 በታች ነው፤ የሚበዛውም የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። ከብት ጠባቂዎች ወደዚያ ሲወጡ ውሾቻቸውን ያስከትላሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ እንደ ገናም በ2003 እና በ2004፣ በ2008 እና በ2009 ከውሾች የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል፤ በአንዳንዱ ሸለቆም ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ዲስቴምፐር የሚባለውም የውሻ በሽታ በ2010 እና በ2015 ተጨምሮባቸዋል። በዚያ አካባቢ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የእረኞች ውሾች እንዲከተቡ ሲደረግ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከቆላ መንደር ያልተከተበ ቡችላ ተቀብሎ ለእረኛ ልጁ ወደ ደጋ የሚልክ አባት፣ ከአንድ ቡችላ የበለጠ ነገር እንደሚልክ ሊያስብ ይገባዋል።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉትም ድርሻ አላቸው። ውሻ በበዛ ጊዜ በመርዝ መፍጀት በብዙ ከተማ የተሞከረ ነው፤ ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ደጋግሞ እንዳስገነዘበው መግደል በሽታውን አላጠፋም፤ የሞቱት ቦታ ባልተከተቡ ሌሎች ይሞላል፤ መርዙም የሌባውን ውሻ ከባለቤት ውሻ አይለይም። የሚሠራው ክትባት ነው፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች ከ100 እጅ 70ው በተከተቡ ጊዜ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ተስማምተው፣ እስከ 2030 ድረስ ከውሻ በሚመጣው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዓላማ አድርገዋል። ወደዚያ ለመድረስ ብዙ ገንዘብና ብዙ መድኃኒት እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው። ሆኖም አንድ ወረዳ ብዙ ወጪ ሳያወጣ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ፤ ይኸውም ክትባት ለተሰጣት ሴት ውሻ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የቡችሎቿን ብዛትና የተቀባዮቻቸውን ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ መጨመር ነው። በዓመቱ የክትባት ዘመቻ ሲደርስ ሠራተኛው የት ሄዶ ማንን እንደሚጠይቅ ከዚያ ወረቀት ያገኛል። ሰውም የእናቲቱ ወረቀት የሌለውን ቡችላ መቀበል እንደማይገባው ቀስ በቀስ ይለምዳል።

ቡችላው ወደ ቤት ከገባ በኋላ ያለው ነገር አጭር ነው። ማናቸውም ንክሻ፣ የቡችላም ቢሆን፣ ወዲያውኑ በብዙ ውሃና ሳሙና እስከ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ተነካሹም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰውን ውሻ በቍጣ ወዲያው መግደል ጉዳት አለው፤ ታስሮ 10 ቀን ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ እንዳልነበረ ይታወቃል። የተነካሹ ሕክምና ግን ያን ውጤት በመጠባበቅ መዘግየት የለበትም።

ክትባቱ ለቡችላ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ በዓመቱም ይደገማል። የክረምቱ ጭቃ ካለፈ በኋላ በጥቅምት የተወለደ ቡችላ በታኅሣሥ ከእናቱ ይለያል፤ ሦስት ወር የሚሞላው በጥር ነው። ጥር ደግሞ ገበሬው አውድማውን ጨርሶ፣ እህሉን ጎተራ አግብቶ ወደ ገበያና ወደ ሠርግ የሚወጣበት ወር ስለሆነ፣ በገበያው ቀን ቡችላውን በገመድ እየሳበ በወረዳው የእንስሳት ጤና ኬላ በኩል ለማለፍ ጊዜ አያጣም።